የሞተር ስልጠና የሚጀምረው በዋዜማው ነው
በአሸዋና በላጋ ላይ መንዳት ለሚሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው

በዚህ እትማችን ሁላችንንም በየቀኑ ስለሚመለከት፣ ነገር ግን ተቀምጠን ብዙም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ ልናወጋችሁ ነው። ጉዳዩ ሞተር ነው።

እንደ ካኩማና እንደ ካሎበየይ ባለ ሰፊ ቦታ ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ ትኩሳት የጸናበት ሕፃን፣ የራሽን እህል ይዘው የሚመለሱ አረጋዊ ብዙውን ጊዜ ቤታቸውና ሐኪም ቤት የሚደርሱት በቦዳ ቦዳ ነው። ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ የታመመ ሰው የሚጠይቁ የጤና ሠራተኞችም ያለ ሞተር ብዙ ርቀት አይሸፍኑም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ የሚሄደው ልጅ መንዳቱን ከማን ተማረ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ከጓደኛው» የሚል ነው። ጓደኛውስ? እሱም ከሌላ ጓደኛው። ማርሽ ማስገባት፣ ፍሪሲዮን መልቀቅና ፍሬን መያዝ በጥቂት ቀን ይለመዳል። በአሸዋ፣ በጠጠርና በደረቅ ወንዝ ውስጥ መንዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ አሸዋው የሚቀበለን እኛ ደግሞ ይህን ሙያ ከማንም በላይ እንፈልገዋለን።

ለዚህ ሙያ የአንድ ቀን ስልጠና ሲዘጋጅ ቦታው ውስን ነው፤ ዕድሉ የሚደርሰውም ለጥቂት ሰው ነው። ሳይዘጋጅ የሄደ ሰልጣኝ ግማሹን ቀን ጎማ ሲያስጠግን፣ ግማሹን ጥላ ሲፈልግ ያሳልፈውና የተማረው ሳይኖር ይመለሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። የስልጠናው ቀን ፍሬያማ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በዋዜማው ነው።

አሸዋ ከደመ ነፍሳችን ጋር ያጣላናል

በአካባቢያችን የሚታዩት አብዛኞቹ ሞተሮች፣ ቦክሰርም ሆኑ ቲ.ቪ.ኤስ.፣ በመጀመሪያ የተሠሩት ለመንገድ ነው። ጎማቸው ጠበብ ያለ፣ ጥርሱም አጭር ነው። ላጋ ውስጥ ሲገቡ የፊት ጎማው አሸዋውን እየቆረጠ ይሰምጣል፤ መሪውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዋልላል። በዚህ ጊዜ ያልሰለጠነ ሰው በደመ ነፍስ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ነዳጁን በድንገት ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የፊት ፍሬኑን ይጨብጣል። ሦስተኛ፣ ዓይኑን ጎማው ላይ ይተክላል።

ሦስቱም ይጥሉታል። ነዳጁ ተዘግቶ የፊት ፍሬኑ ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጎማውም ይበልጥ ይቀበራል። ዓይን ባየበት ደግሞ እጅ ይከተላል፤ ጎማውን የሚያይ ሰው መንገዱን አያይም።

ስልጠናው የሚያለማምደው የዚህን ተቃራኒ ነው። አሸዋው ውስጥ ከመግባት በፊት ፍጥነት መቀነስ፤ ከገቡ በኋላ ግን ነዳጁን ሳያቋርጡ በልኩ መስጠት፤ በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ ጉልበትን አጠፍ ማድረግና ክብደትን ትንሽ ወደ ኋላ ማሳረፍ፤ መሪውን ሳያንቁ ላላ አድርጎ መያዝ፤ ዓይንን አርቆ መጣል። ሲነበብ ቀላል ነው። እጅና እግር እስኪለምደው ግን ደጋግሞ መሞከርን፣ አንዳንዴም መውደቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀኑ ጉብዝና የሚታይበት ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ሰው ሳይጭኑ፣ አደጋ በማያደርስ ቦታ የሚወደቅበት ቀን ነው። ያን ቀን ብቻውን የወደቀ ሰው ነገ ነፍሰ ጡር ይዞ አይወድቅም።

ከሶማሊያ የተገኘ ትምህርት

ስለ ዝግጅት ስናነሳ ከአካባቢያችን የወጣ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሪ ኮልማን የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛና ራንዲ ማሞላ የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ተወዳዳሪ ወደ ሶማሊያ ሄደው ነበር። እዚያም ለጤና ሥራ የመጡ ሞተሮች ተበላሽተው ቆመው አዩ። ያቆማቸው ከባድ ብልሽት አልነበረም። የሚነዷቸው ሰዎች እንዴት እንደሚንከባከቧቸው ያስተማራቸው ስለሌለና መለዋወጫም ስላልነበረ ነው። ሞተሩ ሲቆም ክትባቱም ቆመ፤ የጤና ሠራተኛውም በእግሩ ቀረ።

ባሪ ኮልማንና ባለቤቱ አንድሪያ ኮልማን ከማሞላ ጋር ሆነው ኋላ ላይ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱም ሌሶቶን፣ ዚምባብዌንና ጋምቢያን በመሳሰሉ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን መንዳት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ሞተርን መፈተሽ አስተማረ። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሞተር የሚቆመው ከመሰበሩ በፊት ሳይታይ ሲቀር ነው።

በዋዜማው ሞተሩን እንዴት እንፈትሽ?

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሞተሩን ጥላ ሥር አቁማችሁ በሚከተለው ቅደም ተከተል እዩት። ባለሙያ ካስፈለገ ፉንዲው ሱቁን ሳይዘጋ ትደርሱበታላችሁ።

1ኛ. ቤንዚን። በዋዜማው ሙሉ። በፕላስቲክ የሚሸጠውን ስትገዙ ከምታውቁት ሰው ግዙ፤ ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ከሥሩ ውሃ ወይም ቆሻሻ አለመተኛቱን ተመልከቱ። የተረፈውን ቤት ውስጥ፣ በተለይም ከሰል በሚነድበት አጠገብ በፍጹም አታሳድሩ።

2ኛ. ዘይት። ሞተሩን በጎን መቆሚያው ላይ ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ዘንበል ያለ ሞተር የተሳሳተ ልክ ያሳያል። ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛ ማርሽ አሸዋ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ይግላል፤ ዘይቱ የጎደለ ከሆነ ይነክሳል።

3ኛ. የአየር ፊልትሮ። በእኛ አቧራ ይህ የሞተሩ አፍንጫ ነው። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆና ለፊልትሮ የሚሆን ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ከወረቀት የተሠራው ግን አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል ወይም ፊልትሮው ይቀየራል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ አይመከርም።

4ኛ. ሰንሰለትና ገመዶች። ሰንሰለቱን መሃል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። በብዙዎቹ የመንገድ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ ደህና ነው። ከዚያ የላላ ይወልቃል፤ የጠበቀም ይበጠሳል። የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመዶች ጫፋቸው መበጣጠስ ከጀመረ ዛሬውኑ ይቀየሩ። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ መመለስ አለበት። የማይመለስ ከሆነ ሞተሩ ወደ ስልጠና አይሄድም፤ በቃ።

5ኛ. ብሎንና ዳዶ። የመሪውን፣ የጎማ መያዣውን፣ የእግር መርገጫውንና የጭስ ማውጫውን ብሎኖች በመፍቻ አንድ በአንድ ንኩ። ንዝረት ያላሉት ብሎን በዓይን አይታይም።

6ኛ. ፍሬንና ጎማ። ሞተሩን ገፋ እያደረጋችሁ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ሞክሩ። የጎማውን ጎን ለስንጥቅ፣ ጥርሱን ለእሾህ ፈትሹ። የቱርካና እሾህ በቀላሉ እንደማይላቀቅ ታውቃላችሁ! አሰልጣኞች በአሸዋ ላይ የጎማ ንፋስ ትንሽ ያስቀንሳሉ፤ ጎማው ተንጣሎ ስለሚይዝ ነው። ይህን ግን ቤት አታድርጉት፤ አሰልጣኙ ሜዳው ላይ ይነግራችኋል። ከመጠን በላይ የቀነሰ ሰው ከመነዳሪው ይቆረጥበታል። ሲመለሱም ንፋሱን ወደ ነበረበት መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ከኋላ የተንጠለጠሉትን የዕቃ ማሰሪያ ላስቲኮችና ገመዶች ሁሉ ፍቱ። ከኋላ ጎማ ጋር የተጠቀለለ ላስቲክ ሞተሩን በቅጽበት ያቆመዋል። መፍቻ፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ግን ያዙ። ሁሉም ሰው ሁሉንም መግዛት አይጠበቅበትም፤ የአንድ ብሎክ ልጆች ተነጋግራችሁ ብትከፋፈሉት ይበቃል።

ሄልሜትና ልብስ

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ አደጋ በደረሰበት ነጂ ላይ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሆነው ግን ሄልሜቱ ራስ ላይ ሲሆንና ሲታሰር ነው። መስተዋት ላይ የተሰቀለ ሄልሜት ያው መስተዋቱን ነው የሚጠብቀው።

ሄልሜታችሁን እንዲህ ፈትኑት። አጥልቃችሁ እሰሩትና ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁ። እሱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። በማሰሪያውና በአገጫችሁ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። የተሰነጠቀ ወይም ከዚህ በፊት አደጋ ያየ ሄልሜት በቀለም ቢታደስም ዋጋ የለውም። ከአንድ ቦታ ተውሳችሁ ከሆነ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ወይም ሻሽ ማድረግ ይቻላል።

ልብስን በተመለከተ ውድ ነገር አያስፈልግም። ወፍራም ጂንስ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ የሥራ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይበቃል። ነጠላ ጫማና ሳንዳል አይሆንም፤ ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያገኘው እግርን ነው። ኳስ ተጫዋቾች የሚያስሩት የቅልጥም መከላከያ ከተገኘ ከሱሪ ሥር ቢታሰር እሰየው ነው። ሰልጣኝ እህቶቻችንም ቀሚስ ከሆነ ከሥሩ ሱሪ ለብሳችሁ ቀሚሱን አሳጥሩት፤ ነጠላና ሻርፕ ደግሞ ተጠቅልሎ ልብስ ውስጥ ይግባ። የሚንዘላዘል ጨርቅና ሰንሰለት ፈጽሞ አይስማሙም።

ውሃ፣ ምግብና እንቅልፍ

የአሸዋ ስልጠና ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። የወደቀ ሞተር ማንሳት፣ የተቀበረ መግፋት፣ በዚያ ፀሐይ! በነፍስ ወከፍ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያዙ። ጥም እስኪመጣ ሳትጠብቁ ጥቂት ጥቂት ጠጡ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ በጥብጦ መያዝም ጥሩ ነው። እናቶች ለሕፃናት ተቅማጥ የምታዘጋጁት ያው ነው።

ራስ የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው ወይም ላቡ በድንገት የደረቀበት ሰው ወዲያው ወርዶ ጥላ ይግባ፤ ውሃም ይርከፈከፍበት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ፆም ላይ ያላችሁ፣ በሁዳዴም ሆነ በረመዳን፣ አስቀድማችሁ ለአሰልጣኙ ንገሩት። ተራችሁን ማለዳ ላይ ሊያደርግላችሁ ወይም ሌላ ቀን ሊያዛውራችሁ ይችላል። ነግሮ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሞተር ላይ ሆኖ መውደቅ ነው የሚከፋው። ሌሊቱን ጫት ሲቅሙ አድሮ ወይም መጠጥ ቀማምሶ መምጣትማ ጭራሽ አይታሰብም። ያላረፈ አካል ይዘገያል፤ አሸዋ ደግሞ የዘገየን አይጠብቅም።

ወረቀትና ሰዓት

መታወቂያችሁን፣ መንጃ ፈቃዳችሁንና የሞተሩን ወረቀቶች በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ። በኬንያ ተሳፋሪ የሚጭን ሰው የሚያስፈልገው የመንጃ ፈቃድ ለብቻው የተለየ ምድብ ስላለው ያላወጣችሁ አሰልጣኞቹን ጠይቁ። የስልጠናው ሜዳ ከካምፑ ክልል የሚያስወጣ ከሆነ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በዕለቱ ጠዋት የሚገኝ ነገር አይደለም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር እንበል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ 7፡00 ካለ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ማለት ነው። ስዋሂሊውም እንደ እኛው 1 ሰዓት ስለሚል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታል። አርፍዶ የሚመጣ ሰው የሚያመልጠው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። የማለዳው በረድ ያለ አየር ካለፈ በኋላ አሸዋው ይግላል፤ ሰውም ይደክማል።

ደረቅ ወንዝን አትመኑት

በካኩማ በኩል የሚያልፈው ታራች አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሞተርም ይመላለስበታል። ዝናብ ግን እኛ ዘንድ ባይዘንብም ከላይ ከዘነበ ውሃው በድንገት ይደርሳል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሰማዩን ወደ ላይኛው በኩል ሳያዩ ላጋ ውስጥ አይገባም። ላጋ ውስጥ ሞተር አቁሞ ማረፍም ሆነ መጠገን ተገቢ አይደለም። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰውን ከእግሩ ሊያነሳ ይችላል። ውሃው ሞተሩን ከወሰደው ሞተሩን ልቀቁት። ሞተር በሌላ ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ሰው ወድቆ ከተጎዳ ደግሞ ሮጦ ማንሳት አይገባም። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘው አታንቀሳቅሱት፤ መተንፈስ ካላቃተው በስተቀርም ሄልሜቱን አታውልቁ። በሁለት ሰው መካከል ሳንድዊች አድርጎ በሞተር መውሰድ ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ነው፤ ነገር ግን የተጎዳን አከርካሪ ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። የአምቡላንስ ስልክ በሁሉም ሰልጣኝ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ለቤተሰብና ለሞተር ባለቤቶች

አብዛኞቹ ልጆቻችን የሚነዱት የራሳቸውን ሞተር አይደለም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባሉ፤ የተረፈው የቤት ወጪ ይሆናል። ስለዚህ ስልጠና የሚሄድ ልጅ የአንድ ቀን እንጀራ ነው የሚተወው፤ ባለቤቱን ካላስፈቀደ ደግሞ ዕዳ ይዞ ይገባል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ትልቅ ድርሻ አለው። ከሳምንት በፊት ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ለባለቤቱም ቢሆን ነገሩ ኪሣራ አይደለም፤ ፍሪሲዮን የማያቃጥል፣ ሰንሰለት የማይበጥስ ነጂ ማግኘቱ ሀብቱን መጠበቁ ነው። የአንድ ቀን ገቢ ተመልሶ ይገኛል። እግሩ ተሰብሮ ወራት የተኛ ልጅ ግን ራሱም አይሠራም፤ አስታማሚውንም ከሥራ ያውላል።

ልጁ ከስልጠና ሲመለስም ድጋፋችን አይቋረጥ። የተማረውን እንዲያፈርስ የምንገፋፋው ብዙ ጊዜ እኛው ተሳፋሪዎቹ ነን። «ሦስተኛም ይውጣ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» እንላለን፤ «ቶሎ በል፣ ቸኩለናል» እንላለን። የኬንያ ሕግ ሞተር ከአንድ ተሳፋሪ በላይ እንዳይጭን ይከለክላል። ነጂውም ተሳፋሪውም ሄልሜትና አንጸባራቂ ልብስ እንዲያደርጉ ያዝዛል። ላጋ ጋ ሲደረስ «ውረዱና ተሻገሩ» የሚለን ነጂ አልናቀንም፤ ሙያውን አውቆ ነው። አሸዋ ላይ ከኋላ የተጫነ ሰው ሚዛን ያዛባል። ወርደን ሃምሳ እርምጃ ብንራመድ ምን እንሆናለን?

እንግዲህ ዕድሉ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሞተራችሁን ዛሬ ፈትሹ፤ ውሃችሁን ቅዱ፤ በጊዜ ተኙ። ያልደረሳችሁም የተማሩትን ጠይቃችሁ ተማሩ፤ እስካሁን ከጓደኛ ተምረን የመጣን ሰዎች ደህናውንም ነገር ከጓደኛ ለመማር አይከብደንም።

መልካም ስልጠና! በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።